ሁለት ምስክር

ሠላሳ ዓመት ከአራት ወር፣ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ወንበር፤
አንድ እግሩ በሽቦ ታስሮ፣ እንደ ባለጉዳዬ ነበር።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ጫማ መቁጠር» እላቸዋለሁ፤
ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው ጥግ፣ ካርቶን ከካርቶን አያለሁ፤
ክሩን ሳይፈታ የተኛ፣ ጫማውን ሌት የማያወልቅ፣
እሱ የኔ ነው፤ ልቀመጥ፤ ከስሙ በፊት ግንባሩን ልጠይቅ።

ሃምሳ አለቃ ይርዳው አንሙት፣ ቢቸና ቅኔ የቆጠረ፣
ጦሩ ሲበተን በእግሩ መጥቶ ወፍጮ ቤት በረንዳ ያደረ።
ሽበቱን ከዱቄት ለይቼ፣ ዕድሜውን መሙላት ቸገረኝ፤
«ቤትህስ?» ብዬ ወደ ቅጹ ሳጎነብስ፣ በሁለት ጥርሱ ሳቀብኝ፦
«ግጥም እንኳ ቤት ይመታል፤
እኔን ግን ቤት ነው የመታኝ፤ ጻፊው እንግዲህ» ይለኛል።

ጻፍኩት። በእርሳስ።

ቀበሌው «የሚያውቁህ ሁለት ምስክር» አለው፣ «ይዘህ ና»።
ይርዳው ጣቱን አጠፈ፤ አንድ፣ ሁለት፤ ዘረጋና
«ይመር ያውቀኛል፤ ናቅፋ ነው። ዳምጤን እኔው ነኝ የቀበርኩት፤
ይበቃሉ?»
ጸሐፊው ቀና አላለም። እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቅሁት።

«ከልጅነት አውቀዋለሁ» ብዬ ፈረምኩ ያን ዕለት፤
የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ካየሁት አሥራ አንድ ቀኔ፤ ይብላኝ ለእውነት።
ሁለተኛው ሊስትሮው ምንይችል፤ የሚያውቀው ጫማውን ነው፤
ከሁለታችን፣ ልንገራችሁ፣ የሱ ቃል ነው ያልዋሸው።

ክፍል ተገኘ፣ ጣራው ደህና። ቁልፉን በሁለት እጁ ወሰደ።
በሦስተኛው ሌሊት ብሄድ፣ ዶፉ ከጮቄ እየወረደ፣
ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ ካፖርቱ ረጥቦ፣ በሩን ከውጭ ዘግቶ።
«ውስጥ ማን አለ?»
«ይመርና ዳምጤ። ተኝተዋል። ተረኛው እኔ ነኝ» አለኝ፣ ድምፁን አጥፍቶ።

በማግስቱ ለቢሮው ጻፍኩ፦ «ሁለት ፍራሽ ይጨመር።»
ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልሙላ? ባዶ ተውኩት፤ ባዶው ይናገር።

ዘንድሮ ጡረታዬ ደረሰ። ፋይሌ መዝገብ ቤት የለም፤
ስንት ሰው ስፈልግ የኖርኩ፣ ራሴ ጠፋሁ፤ አይገርምም።
«የሚያውቁሽ ሁለት ምስክር» አለችኝ ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።
ሳቅሁ፤ ከጥርሴ አንዱም ሳይጎድል።

ጃንጥላዬን ያዝኩና፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረድኩ፣
ጎህ ሳይቀድ፣
ክሩ ያልተፈታ ጫማ ፍለጋ።