ባለፈው አንድ ወር ውስጥ

ስድስት ኪሎ በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ደምለው
ነጩን መሣሪያቸውን ግንባሬ ላይ ደግነው፣
«ሠላሳ አራት ከሁለት፤ እለፊ» አሉኝ አይተው።
«ጋሼ፣ ይሄማ የሬሳ ነው» ስላቸው ሳቁብኝ፤
«ብርድ ሲመታው ነው፤ ትናንትም እንዲህ ነው ያለኝ፣
ነገም ይሄንኑ ነው። ግቢ፣ ሰልፍ አትዝጊብኝ።»

ሳይዋዥቅ መሳሳት።
ዶክተር ምሕረተአብ ለዚህ ስም አላቸው፤
መንፈቅ ሙሉ ያስተማሩን እሱን ነው፤
አስተማማኝነት ሌላ፣ እውነትነት ሌላ።
ሁልጊዜ ሩብ ኪሎ የሚሰርቅ ሚዛን
ቃሉን የሚጠብቅ ሌባ ነው።

በብብቴ የያዝኩት አሥር ጥያቄ ነው፣
ለሌላ አገር ትከሻ ተለክቶ የተሰፋ፤
እኛ ነን እጅጌውን ያሳጠርን፣ ወገቡን ያሰፋን።
«ጭንቀት» እንበለው? «ውጥረት»? ወይስ «መጨናነቅ»?
ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቃል ተነታርከን
በመጨረሻ እኛው ተጨንቀን ቀረን።

አዳራሹ ውስጥ፣ ወንበር እየዘለለ፣
በጠመኔ ኤክስ «እዚህ አይቀመጡም» ተባለ።
ከጭምብል በላይ ዓይን ብቻ፣ ስልሳ ጥንድ ዓይን፣
ከስምንት ወር በኋላ ከየቤቱ የተመለሰ፣
የአንዱ መነጽር በገዛ ትንፋሹ የደፈረሰ።

ፎዚያ፣ ስም አይጻፍም፣ እኔ ነኝ የማውቃት፣
አሥሩንም «በፍጹም» ላይ ከበበች፣
እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ከላይ እስከ ታች።
በፍጹም አልተናደደችም። በፍጹም በራሷ አልተማመነችም።
ወይ አላነበበችም፣
ወይ ደግሞ አንብባ ነው፣ ምንም የማይሰማት።

ከዚያ ከኋላ ወንበር መቶ አሥራ ሰባት
እጁን አወጣ፣ ድምፁ በጨርቅ ታፍኖበት፤
«እህቴ፣ እኔን የሚለኝ ሆዴን ባር ባር ነው።
እሱን የማከብበው የትኛው ቁጥር ላይ ነው?»

መመሪያው ግልጽ ነው፤ አታብራሪ፣ አትጨምሪ፣
የተጻፈውን ብቻ ደግመሽ አንብቢ።
አነበብኩለት።
«ባለፈው አንድ ወር ውስጥ፣ ስንት ጊዜ…»
ራሱን ነቀነቀና ሁለትን ከበባት። አንዳንዴ።

በሁለት ሳምንቱ እንደገና ያው አዳራሽ፣
ያው ቅጽ፣ ያው እስክሪብቶ በአልኮል የሚታሽ።
መለኪያ የሚፈተነው እንዲህ ነው፤
ሰው በአሥራ አራት ቀን ያው ሰው ነው ተብሎ ታምኖ።
መቶ አሥራ ሰባት ከአሥር አሥሩን ደገመ፣
አንድ ቁጥር ሳይስት፣ አንድ ሳይጨምር።
በሆዴ «ወርቅ ነህ» አልኩት።

ቅጹን ሲመልስልኝ ሹራቡ ጥቁር፣ ጭምብሉም ጥቁር ነበር።
«ምነው?» አልኩት። ይሄ ጥያቄ መመሪያው ውስጥ የለም።
«አጎቴን ቀበርን፣ ሐሙስ። ያሳደገኝ እሱ ነው።
አሥር ሰው ብቻ ነው የሚገባው ብለው
እኔ ከአውቶቡስ ስወርድ አሥሩ ሞልቶ
በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት።»
«ታዲያ ለምን ሁለት?»
መሬት መሬት እያየ፣
«ባለፈው ሁለት ነበር ያልኩሽ።
ሥራሽን እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው።»

ማታ ኮምፒውተሩ አልፋውን አወጣ፤
ዜሮ ነጥብ ስምንት አራት።
ዶክተር ምሕረተአብ «ግሩም» ብለው ጻፉልኝ።
መቶ አሥራ ሰባት በሰንጠረዡ ላይ ጋደም ብሏል፣
ከሁሉም የታመነ፣ ከሁሉም ያልተነበበ።
ይሉኝታን ከምን ቀንሼ፣ በምን አካፍዬ ላውጣው?
ልሰርዘው ጣቴን አሳረፍኩ።
አነሳሁ።

ወደ አራት ኪሎ ወረድኩ።
ታክሲው ግማሽ ሰው ይዞ እጥፍ ያስከፍላል።
ከኋላዬ አንበሳ ግቢ አንዱ አገሳ፤
ስንት ጊዜ እንደሚያገሳ ማንም አልጠየቀውም።
ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ በየማታው በዚህ ሰዓት።
«ደህና ነሽ?»
«ደህና ነኝ፣ እማ።»
ትናንት ያልኳትን፣ ከትናንት ወዲያም ያልኳትን፤
ሠላሳ አራት ከሁለት።