አሥር ቁጥር ቁልፍ

ቦርከናን ተሻግሮ ሚኒባሱ ሲወጣ፣
ጆሮዬ ድፍን አለ፣ የደሴ ብርድ መጣ።
ጭኔ ላይ በፌስታል፦ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣
አሥር ቁጥር ቁልፍም አለች፣ የማትለይ ከቤቴ።

ወይዘሮ ጦይባ ናቸው የደወሉልኝ፤
«መኪናው ሞቷል፣ ናና ቅበርልኝ» አሉኝ።
«ሞተ» የሚል ቃል ስሰማ እኔ ቀስ እላለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ባትሪ ስነካ ኖሬያለሁ።
የሞተና የደከመ ላየው አንድ ይመስላል፤
ጠጋ ብለው ሲጠይቁት ግን ይለያያል።

ከሆጤ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ፔጆ አራት መቶ አራት ሸራ ለብሶ ነበር።
የጎማው ነፋስ ወርዶ፣ ሸራው ውሃ አቁሮ፣
ከሥሩ ጫጩት ፈልፍላ ትኖራለች ዶሮ።
ባለቤቱ ጋሽ ይማም ደጃፍ ተቀምጠዋል፤
ሠላሳ ዓመት ነድተዋል፤ ዓይናቸው አሁን ደክሟል—
ዓይንም አይባል፤ ጥላና ብርሃን ይለያል።

ቁልፉን አዞርኩት።
ቀጭ። ከዚያ ዝም።
የዳሽቦርዱ መብራት ጭል ብላ ድርግም።
ሞተሪኖ አይደለም፤
ሞተሪኖ ሲበላሽ መብራት አይደክምም።

ኮፈኑን ከፈትኩ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ፣ አረንጓዴ ሻጋታ፤
በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ በብሩሽ፣ በዝግታ።
ቴስተሩ ቆጠረልኝ፦ ስምንት ነጥብ አራት።
ለዐሥራ ሁለት ቮልቱ ይህ ጦም ማደር ነው፣ ያለ ራት።
ስድስቱን ክዳን ፈትቼ ባትሪን በባትሪ ባየው፣
ውሃው ወርዷል እንጂ፣ ፕሌቱ ያው ነው።
ሁሉም ሴል እኩል ደክሟል፤ ብቻውን የሞተ የለም።
ይህ ደግሞ የእርጅና ጠባይ አይደለም።

«ባለፈው ወር እኮ» አሉ ጦይባ፣ «ልጄ አስሞልቶት ነበር።»
በአንድ ወር! ታዲያ ማን ጠጣው? ሰፈር?
የቆመ መኪና እንዲህ አይወርድም፤ አለ እንጂ አንድ ሌባ፣
በሩን የማይሰብር፣ ሌት ሌት የሚገባ።

የውስጥ መብራት? ዝግ ነው። ክላክስ? ዝም።
ሰዓቱ? ድሮ ቆሟል፤ አይቆጠርም።
ጎንበስ አልኩ ወደ ውስጥ።
ዳሽቦርዱ ሁሉ አቧራ፣ በጣት የሚጻፍበት፤
የሬዲዮኑ መዘውር ብቻ ንጹሕ፣ እንደ አዲስ ሳንቲም፣
ዞሮ እንደተከፈተ።
የሾፌሩም ወንበር ጎድጉዷል፤ አቧራ እዚያ አልደረሰም።

ቀና ስል፣ ጋሽ ይማም ወደ ጦሳ ዞረው፣
የማያዩትን ተራራ ያያሉ ትኩር ብለው።

ሌባውን አፌ ላይ ይዤው ነበር። ዋጥኩት።
«ብርዱ ነው» አልኳቸው ለጦይባ፤ «ባትሪ ብርድ አይወድም።»
ለደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም።
እሺ፣ ሁለት ሦስቴ። ከዚያ አይበልጥም።

ጦይባ ሒሳብ ሊያመጡ ሲገቡ፣ እኔ ሽማግሌውን ጠራሁ፤
እጃቸውን ይዤ ባትሪው ላይ አሳረፍኩ፣ ቁልፏንም አስጨበጥኩ።
«ይዳስሱ። ወፍራሙ ራስ ፖዘቲቭ ነው፤ እሱን አይንኩት።
ቀጭኑ ኔጌቲቭ። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ ይሄንን ይፍቱት።»
ጣታቸው አላመነታም፤
ቀጭኑን በአንዴ አገኘ።
«ከሚሴን ሳልፍ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣
«እንቅልፍ የሚጥለኝ። ሬዲዮኑን ማን ይዝጋው?»

ባትሪውን በትከሻዬ ይዤ ወጣሁ፤ ኮምቦልቻ ወርዶ
ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌሊት ቀስ እያለ ይጠጣል፤
የተራበን በአንዴ ማጥገብ ይገድላል።

በር ላይ ጦይባ ብሩን አጣጥፈው ሰጡኝ።
ወደ ደጃፉ ዞር አሉ፣ ነጠላቸውን አጠበቁ፣
ከዚያም ጠጋ ብለው፦
«ልጄ፣ ስትሞላው አደራ፣
በደንብ ሙላው።
ከከሚሴ አሳልፈው።»

ዶሮ ማነቂያን ስንወርድ ነው ፌስታሌን የቆጠርኩት፦
ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ።