ጉዳዩ፦ እንዲያድሩልን ስለመጠየቅ

ቀን፦ ሰኞ። ቁጥር የለውም፤
ማኅተም የሌለው ሰው ቁጥር አያምረውም።
ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም።

አመልካች እኔው ነኝ፣ ሁንዴሳ ገመዳ፣
ሠላሳ ዓመት የሰው በደል ስጽፍ የኖርኩ በሜዳ።
ጠረጴዛዬ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አንድ እግሯ ጡብ ላይ ቆሞ፣
ወረቀቴ ከሲኖ ብሎን በታች፤ የአዳማ ነፋስ አይተኛም ደግሞ።

ዱሮ የጅቡቲ መስመር ሾፌር እዚህ አድሮ ይሄድ ነበር፤
እራቱ፣ ጎማው፣ ፍቅሩ፣ ገሚስ ደመወዙ እዚህ ይቀር ነበር።
ኋላ ሰፊው መንገድ መጣ፣ ከፍለው የሚበሩበት፤
ከተማችን ስፖኪዮ ውስጥ ቀረች፣ ሾፌር ፀጉሩን በሚያይበት።

አምና መስከረም ላይ ሬዲዮው አንድ ነገር አለ፤
አራት መቶ ሠራተኛ ከነወንበሩ ይመጣል ተባለ።
ወይዘሮ ጥሩወርቅ የጓሮ ፓፓያዋን ነቀለች፣
በፓፓያው ቦታ፣ በዕቁቧ ብር፣ አምስት ክፍል ቤት ተከለች፤
በሮቹን ሰማያዊ ቀባች።
ሸምሱ ልብስ ሰፊው ግራጫ ሱፍ በጣቃ አስመጣ፤
ለሊስቱ በብድር ፎቶ ኮፒ ገዛች፣ ላስቲኩ ገና ያልወጣ።
እኔም አንገቴን አቃናሁ፤ ቢሮ ካለ በደል አለ፣
በደል ካለ ማመልከቻ፣ ማመልከቻ ካለ ምሳ አለ።

መጡ። አልዋሹንም፣ መጡ።
ከጠዋቱ ሁለት ተኩል፣ ባጅ አንጠልጥለው ከስድስት ሰርቪስ ወጡ።
ምሳቸው ከቤት ታስሯል፤ ሻያቸው በፔርሙስ አለ፤
ለእኛ የደረሰን የሕንፃው ጥላ ነው፤ እሱም ሲመሽ ተጠቀለለ።
ኦብሳ ባጃጁን አጥፍቶ ከበሩ ማዶ ቆጠረ፤
አራት መቶ ራስ ነው፣ አንድ ተሳፋሪ ግን አልነበረ።
አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ይጮሃል ጥሩምባ፤
ግቢው ይቀራል ለዘበኛው፣ ለድመቷና ለአበባ።
ያ ሾፌሮቻችንን የወሰደ መንገድ እነሱንም ይወስዳል፤
ደመወዝ መስኮት ዳር ተቀምጦ ወደ አዲስ አበባ ይነዳል።

የጥሩወርቅ ሰማያዊ በሮች ነፋስ ሲመታቸው ያንኳኳሉ፤
«ማነው? ግቡ!» ትላለች ተኝታ፤ መልስ ሳይሰጡ ዝም ይላሉ።
ሸምሱ ግራጫውን ሱፍ ለተማሪ ሱሪ ቆረጠው፤
ለሊስቱ ማሽኗን በፎጣ ሸፈነች፣ አቧራ እንዳይውጠው።
ወለዱ ግን ፎጣ አያውቅም።

ስለዚህ በትሕትና እንለምናለን፦
ወንበሩ መጥቷል፤ ሰው ይምጣልን።
ሕንፃው ቆሟል፤ እንቅልፍ ይምጣልን።
ከእኛ ዘንድ ይታመሙ፣ ከጎረቤታችን ይጣሉ፤
ሌሊት በነፋሳችን ይማረሩ፣ «ምን ዓይነት አገር ነው!» ይበሉ።
ያላደረ ሰው አገር አያማም፤
ያላማ ሰው አይለምድም።

ይህን ሰኞ ጽፌ ሳልፈርም ሐሙስ ደረሰ፤ ሐሙስ ማታ
ሰዓዳ የምትባል የሒሳብ ሠራተኛ ከሰርቪሱ ቀረች ዘግይታ።
ከሰማያዊ በሮች አንዱ፣ በሰው እጅ፣ ተከፈተ፤
ከማዕዘኑ ሱቅ የጥርስ ብሩሽ፣ ሻማ፣ ግማሽ ሣሙና ተሸመተ።
ሌሊቱን ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጥ አደረ፤
ጠዋት «ምን ዓይነት አገር ነው!» አለች፤ የጥሩወርቅ ልብ ሰከረ።

ወደ ቢሮ ስታልፍ ቆመች፣ ከጠረጴዛዬ ተጠግታ፣
ሻርፗን ከነፋሱ ነጥቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አመንትታ፦
«ጋሼ፣ ለሁለተኛ ክፍል ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ያውቃሉ?»

ለማመልከቻ ሃምሳ ብር፣ ለይግባኝ ሰባ፤
ለዚህ ግን አላስከፈልኩም። በዚሁ ወረቀት ጀርባ
ካርታ ሳልኩላት፦ ከአደባባዩ ወደ ግራ፣
ጎማ ቤቱን አልፎ፣ ሁለት ዋርካ ካለበት ጋራ።
አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስለዚህ ዋናው እሷ ዘንድ ነው።
ይህ ግልባጩ ነው።