የትሁኔ ብልቃጦች

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ሱቄ፣
ሬዲዮ ስጠግን ነው ያለፈው ዕድሜዬ፣
ሽቦ ከሽቦ አስታርቄ።
ዕቃ አልጥልም እኔ።
የተበላ ባትሪ፣ የወለቀ ቁልፍ፣ የተሰበረ አንቴና፣
"አንድ ቀን ይፈለጋል" ብዬ አኖራለሁና።

ልጄ ትሁኔ በአሥራ አንድ ዓመቷ
ውሃ ውሃ አላት፤ ሌሊት ሌሊት በዛ መውጣቷ፤
እንስራው ጎደለ፣ እሷም ጎደለች፣ ቀሚሷ ሰፋት።
ሐኪሙ "ስኳር ነው" አለኝ።
መሳቅ ቃጣኝ።
በዚህ በማር አገር፣ ቀፎ ከየዛፉ በሚሰቀልበት፣
እንዲህ የሚመር ነገር
ማን ይሆን ስኳር ብሎ ስም ያወጣለት?

ፍሪጅ የለን።
ነርሷ እንዳሳየችን፣
ትልቅ ማሰሮ፣ በሆዱ ትንሽ ማሰሮ፣
በመሃል እርጥብ አሸዋ ተሞልቶ፣
መድኃኒቷ እዚያ ተቀመጠ፣ እንደ ዘር፣ እንደ አደራ።
ጠዋት ማታ መርፌ፤
ከሆዷ፣ ከጭኗ፣ ተራ በተራ።

ባዶው ሲጠራቀም እጄ አላስቻለኝም።
ጎማውን ነቅዬ፣ ብልቃጡን ቀቅዬ፣
የእጅ ሰዓት ብሎን ጨመርሁበት፤
አንዱን የመኪና ዘይት ሞላሁበት፣ ለየኔአንች ስፌት።
ካርቶኑ መሳቢያ ሆነ።
ትሁኔ በእርሳስ ጻፈችበት፦
"ፊውዝ"። "ትራንዚስተር"።
"ምን እንደሆነ አባቴም አያውቅ"።
የስትሪፑን ዕቃ እናቷ ወሰደችው፤
ክዳኑ ጠበቅ ያለ ነው፣
የሐምሌ ጭጋግ የጎመን ዘሯን አላገኘው።
መመሪያው ወረቀት፣ ያ ጉንዳን የመሰለ ጽሑፍ፣
ለጎረቤቴ ለቆሎ ሻጯ ደረሳት፤
የጎንዮሽ ጉዳቱ ሁሉ
ከሽምብራ ጋር ተጠቅልሎ ተሸጠላት።

መርፌውን ግን፣
መርፌውን ግን በፌስታል ቋጥሬ
ከቆሻሻው ጋር ከደጅ ጣልሁት።
ከዕድሜዬ የጣልሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

"ቆራሌው!" እያለ የሚዞር ልጅ ነበር፣
ሞላልኝ የሚሉት፣
ጆንያው ከቁመቱ የሚበልጥ።
ጠርሙስ መስሎት እጁን ሰደደ።
አልጮኸም።
ጣቱን ከፍ አድርጎ አየው፣ ደሙ ጠብ ሲል፤
"ምንድን ነው ይሄ፣ አባባ?" አለኝ።
መልስ አጣሁ።
ሬዲዮ ቢሆን ኖሮ ከፍቼ አየው ነበር።

ትሁኔ ከጓዳ ወጣች፣
እጁን በውሃና ሳሙና አጠበችው፣
ምንም ሳትለኝ ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች።
ለምርመራ ስንት ጊዜ ተመላለሰ!
እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ
ብየዳው እጄን አቃጠለኝ፣ ሽቦው ተምታታብኝ።
"ነጻ ነው" ያሉት ዕለት
ካለኝ ሁሉ የተሻለውን ሬዲዮ ሰጠሁት።
"ልሽጠው?" አለኝ።
"ያንተ ነው" አልሁት።

ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር ጀሪካን አለ፣
ቢጫ፣ የዘይት የነበረ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ።
ልጄ በቀለም ጻፈችበት፦ "አይነካም!"
ሊሞላ ሲል አፉን በፕላስተር አሽጌ፣ አቅፌ፣
በገበያ መሃል አልፌ
ወደ ጤና ጣቢያው ማቃጠያ እወስዳለሁ።
ዘበኛው እንዳላማው አይሰለቸውም፦
"ዛሬስ ማሩ ስንት ኪሎ ነው?"
"ቅመስና እወቀው!" እለዋለሁ።
ጢሱ ሲነሣ
ሁለታችንም ዝም እንላለን።

አሁን ደብረ ማርቆስ ናት፣ ትማራለች።
ማታ ትደውላለች፦
"አባ፣ አሸዋው ደርቆ እንዳይሆን?"
ማሰሮው ባዶ መሆኑን እያወቀች።
እኔም "አርሼዋለሁ" እላለሁ።
እውነቴን ነው፤ አርሰዋለሁ።

ትናንት አንድ ብሎን ጠፍቶኝ
"ምን እንደሆነ አባቴም አያውቅ" የሚለውን መሳቢያ ከፈትሁ።
የብልቃጥ ቆቦች ነበሩ፣
በናይለን ክር የተሰኩ፣
ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ፣ አንድም ሳይጎድል።
ክሩ ረጅም ነው፤ ከጠረጴዛው ተርፎ ወለል ይነካል።
ልቆጥረው ጀምሬ ተውሁት።
የሚቀጠለው ጫፉ
አሁንም አልተቋጠረም።