ሁለት ቀትር

ከወደቡ አጥር ጥግ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ጋሽ አንሙት ይውል ነበር የሰው ሰዓት ሲቈጥር፤
አንድ ዓይኑ ላይ መነጽር፣ ከንፈሩ ላይ ብሎን፣
ሲፈታ፣ ሲገጥም፣ የባሕር ዳርን ቀን።

ከመሳቢያው ጓዳ አንዲት የኪስ ሰዓት
ሃያ ዓመት ተኝታለች፣ ባለቤት ሳይመጣላት።
ዓባይን ሊለካ ካገሩ የመጣ
አንድ አሜሪካዊ፣ አፍንጫውን ፀሐይ የላጠው፣
"ቆማብኛለች" ብሎ ሰጥቶት፣
በበነጋው ድንኳኑን ነቅሎ ታጣ።

ጀርባዋ ላይ ባቡር ተቀርጿል፣ ጭሱን ወደ ኋላ ጥሎ።
የአባቱ ነበረች፤ ባቡር ነጂ ነበር አሉ፣
"በሳምንት ግማሽ ደቂቃ ከሳተች ሥራህን እወቅ" ተብሎ
ያረጀባት፣ እንደ ክታብ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ።

ይህን ያህሉን ሰውየው በአስተርጓሚ አወራ።
የቀረውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ፣
ከፖሊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሽፋኑ ከወለቀ መጽሐፍ፣
ከክፍል መልስ፣ ገጽ በገጽ፣ በተራ።

እዚያ ማዶ፣ ሐዲድ ሳይዘረጋ፣
ከተማው ሁሉ በገዛ ፀሐዩ ነበር የሚመሽ፣ የሚነጋ።
ያንዱ ምሳ ሲደርስ ለጎረቤቱ ገና፣
ማንም አልተጣላ፣ ጥላ ዳኛ ነውና።
ኋላ ባቡር መጣ። ባቡር ጥላ አያይም፤
ባንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሰዓት ካለ
ግንባር ለግንባር ሳይላተም አያድርም።
ባለ ሐዲዶቹ ተሰበሰቡ፣ መከሩ፣
ሰማዩን እንደ አቡጀዲ በአራት ቀደው አሰመሩ።
በኅዳር፣ ባንድ እሑድ፣ ቀትር ሁለት ጊዜ ዋለ፤
አንዴ በፀሐይ፣
አንዴ በሽቦ፣ "አሁን ነው!" እየተባለ።

"ሁለቴ ምሳ በሉ?" አለ ጋሽ አንሙት፣ ብሎኑን ከከንፈሩ ሳያወጣ።
"መጽሐፉ አይልም" አልኩት።
"ዋናውን ትቶ!" ብሎ ተቆጣ።

የተወው ሌላም አለ።
ተራራውን በባሩድ የበሳው ቻይና፣ ስንቱ ቀረ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ፤
የወርቁ ችንካር ሲመታ፣ ፎቶው ላይ ፈልጌ አጣሁት፣
ባርኔጣ ብቻ ተደርድሮ።
ጎሹ ከባቡር መስኮት ተተኮሰበት፣ ለሥጋው አይደለም፣ ለወግ፤
የሜዳው ባላገር ብረት ደጁን ሲቀድ አየ፣
ልጆቹን የሚያስጠጋበት አጣ ጥግ።

አንድ ጥቁር ሰው ደግሞ፣ በሌሊቱ ባቡር አልጋ የሚያነጥፍ፤
እናቱ ያወጣችለት ስም እያለው
ተሳፋሪ ሁሉ በጌታው ስም ይጠራዋል፣ ጫማ ሊያስወለውል።
"አቤት" ይላል።
ካንሶላው ሥር ግን ጋዜጣ ይዟል፤
ደቡብ ላለው ወገኑ ጣቢያ በጣቢያ ያድላል፣
"ሰሜን ሥራ አለ፣ ና" የሚል።

ጋሽ አንሙት ብሎኑን ከከንፈሩ አወጣ።
"ስሙ ማን ነበር?"
ገጹን ገለበጥኩ፣ መለስኩ። አልተጻፈም።

ታንኳ ሠሪው እንድሪስ የደንገል ሸክሙን አውርዶ ሲያዳምጥ ቆየና፣
"ብረቱ ውኃ አይጠጣም?" አለ። "የኔ ታንኳ ሲጠጣ
ግድግዳ አስደግፌ ለፀሐይ እሰጠዋለሁ።"
"ተትቶ ሣር የበቀለበት አለ" አልኩት።
ሳቀ። "ሣር ከሆነማ ባለሙያው እኔ ነኝ፤ ይላኩብኝ፣ እሄዳለሁ።"

ሰዓቷ በመጋቢት ተነሣች።
ጋሽ አንሙት የወደቡን ምሰሶ ጥላ በኖራ አሰመረ፤
ሬዲዮው "ስድስት ሰዓት" ሲል
ጥላው ገና ወደ ምዕራብ አጋድሎ ነበረ።
ጠበቅን። አጠረ፣ አጠረ፣
ግማሽ ሰዓት ያህል ሄዶ ቆመ።
"አየህ?" አለኝ በሹክሹክታ፣ ሌባ እንደ ያዘ ሰው፤
"ሐዲዱ ሳይደርሰን ሰዓቱ ቀድሞ ደርሷል።
የኛንም ቀትር ሌላ ቦታ ነው የቈረጡት።"

ሰዓቷን ከጥላው ጋር አስማማት።
አሥራ ሁለት ትላለች፣ እኛ ስድስት እንላለን፤
እንድሪስ ቀና ብሎ አየ፣ ታንኳውን ገፋ።
እኔ ስነሣ
የዘጌ ጀልባ፣ በሬዲዮው ሰዓት፣ ሄዷል።