ሁሉም ሌባ የሆነበት ማክሰኞ

ከዚራ፣ ከጣቢያው ማዶ፣ የትራንዚት ቢሮ ምድር ቤት፣
አንድ አሮጌ ሰርቨር አለኝ፣ የሚተኩስ ግድግዳ ለጎረቤት።
አሥራ አንድ ዓመት፣ ባሕር ማዶ፣ ስሙን የማላውቀው ሰው፣
የሌቦች መዝገብ ይዞ፣ ኢሜይል በመጣ ቁጥር ስጠይቀው፦
«ይሄስ?» «ሌባ ነው፣ መልሰው።»
«ያኛውስ?» «ነውር አላውቅበትም፣ አስገባው።»
ደመወዝ አልከፈልኩት፤
ለዒድ እንኳ «እንዴት ነህ» አላልኩት።

ማክሰኞ የጅቡቲ ደብዳቤ ቀረ፤
የመርከቡ ዝርዝር፣ የሩዙ ሰነድ ቀረ፤
ፈቲያ ከላይ ወርዳ፣ «ረምዚ፣ ምነው መሥመሩ ታሰረ?»

መዝገቡን ጠየቅሁ።
«ጅቡቲስ?» «ሌባ።»
«ጉምሩክስ?» «ሌባ።»
የራሴን አድራሻ ሰጠሁት፣ ሆዴ እየባባ፤
«ሌባ።»

ሰውዬው ለካ በቃኝ ብሏል፤ ከወር በፊት አስታውቋል፣ ማን ሰምቶ!
ጠያቂው ግን አልተወውም፣ በሩን ሌት ተቀን መትቶ፤
እሱም ለሁሉም አንድ መልስ ሰቅሎ ሄደ፣ መብራቱን አጥፍቶ።

አንዲት መስመር ነበረች፤ ሰረዝኳት።

ደቻቱን ያየ ያውቀዋል፦ ወር ሙሉ አሸዋ፣ የግመል መንገድ፣ የኳስ ሜዳ፤
ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል፣ ከደጋው ይመጣል የውሃ ናዳ።
ሎተሪ ደርሶኛል። አንዲት መበለት ሚሊዮን ታወርሰኛለች።
የመላጣ ቅባት በግማሽ ዋጋ።
በመሃሉ፣ ጭቃ ነክቶት፣ የሩዙ ሰነድ፤
ፈቲያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ይዛው ወጣች።

ማታ ለሰውዬው ጻፍኩለት፣ ሁለት ቃል፦
«ሳላውቅህ ጠበቅከኝ።»
መልስ የለም። እሱም ወንፊት ይኖረዋል፤
ምስጋናዬ ይሄኔ ከሎተሪው ጋር፣
ከመላጣው ቅባት ጋር ተጥሏል።