የሰኞው ቃለ ጉባኤ

ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ሐዋሳ፣ ውሃ አገልግሎት፣
ሁለተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ ሐይቁ በጎን የሚታይበት።
ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ጻፍኩኝ፣
ስንት ደብተር ሞላሁ፣ ስንት እስክሪብቶ ነጠፈብኝ።

አጀንዳ አንድ፦ ታቦር ግርጌ የፈነዳው መስመር፣
ከዓርብ ማታ ጀምሮ አስፋልት ሲያጥብ የሚያድር።
አቶ ዳንጊሶ ጀመሩ፤ «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ» ብለው፣
ሃያ ደቂቃ አመሰገኑ፤ ቧንቧው አልወጣም ከአፋቸው።
ወይዘሮ ብርቅነሽ ቀጠሉ፤ «ከኔ በፊት እንደተባለው»፣
የተባለውን ደገሙት፤ እኔም ደግሜ ጻፍኩት፣ ያው።
አንዱ «ይሰመርበት» አለ፤ አሰመርኩ።
ሌላው «ከሥሩ እንየው» አለ፤ «ከሥሩ» የሚለውን ጻፍኩ።
«አቅጣጫ ይቀመጥ» ተባለ፤ አቅጣጫው ተቀመጠ፣
እኛም አብረነው ተቀመጥን፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሰዓቱ አመለጠ።

በመስኮቱ አባ ኮዳ ከመብራት ምሰሶ ላይ ያየናል፣
ራሰ በራ፣ ካፖርት የደረበ፣ አንገቱን ቀብሮ ያዳምጠናል።
እሱም ስብሰባ ላይ ነው የሚመስለው፤
አበል ባይኖረው።

«ልዩ ልዩ» ላይ ደርሰናል፤ የሽንት ቤቱ ቁልፍ የት ነው፣
የእድሩ መዋጮ ስንት ነው…
በሩ ተንኳኳ።

ሌዳሞ ነው፣ የጥገናው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣
ሁለት ሌሊት የቆመ ሰው፣ በግድ የነቃ።
«ልጠይቅ፤ ቫልቩን የሚዘጋው ማነው?
መቼ? መጋዘኑን የሚያስከፍተው ፊርማስ የማን ነው?»

ጸጥታ።
በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ጽፌ አላውቅም።

ኢንጂነር ትርሲት ብድግ አለች፤ «ደብተርህን ያዝ» አለችኝ፣
ስድስት ሰው በሁለት ባጃጅ፤ እኔን ሹፌሩ አጠገብ ጠቀጠቀችኝ።
ቆመን ተሰበሰብን፤ ውሃው ጫማችን ውስጥ ገባ፣
ጫማው የራሰ ሰው መግቢያ አያውቅ፣ አይጠብቅ ጭብጨባ።
«ቫልቩን ዳንጊሶ፤ አሁን። ፊርማው የኔ። ቁልፉ ብርቅነሽ ጋ።»
አሥራ አንድ ደቂቃ። ሌዳሞ ወርዷል፣ እስከ አንገቱ፣ ከውሃው ሊዋጋ።

እዚያው ቆሜ ጻፍኩት፤ ሦስት መስመር፣ ሙገሳ የሌለው።
ማክሰኞ ከመዝገብ ቤት ተመለሰ፤ ቀይ ማስታወሻ አለው፦
«ገጹን ጭቃ ነክቶታል። የመክፈቻ ንግግር የለውም።
በደንቡ መሠረት ተስተካክሎ ይቅረብ።»

እየገለበጥኩ ነው።
ሦስቱ መስመር ሦስት ገጽ ሆኗል።
ውሃው ግን መጥቷል፤
ይኸው፣ እጄን ታጥቤ ነው የምጽፈው።